የአራዳ ቤሳና የመዳብ ሳንቲም፦ ማስቀመጡ ይጠቅማል?

(ይህ ጽሑፍ በራዲዮ ዝግጅታችን ለቤተሰብ የቀረበ ንግግር ሲሆን፣ ለመጽሔቱ አንባቢያን እንዲስማማ መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)

  

የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ አሮጌ ሳንቲም ነው የምንነጋገረው። ነገር ግን ብዙ ቤተሰብን እያነጋገረ ያለ ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአካባቢው አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ሰው ለዘመናት ከኖረበት ሰፈር ወጥቷል። ዕቃ ሲነሣ ደግሞ የተረሳው ሁሉ ይወጣል። ከአልጋ ሥር ሳጥን ይወጣል፤ ከሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ ሳንቲም ይወጣል። እናት «የአባታችሁ ነው፤ አይነካ» ትላለች። አንዱ ልጅ «ደላላው በብዙ ሺህ ብር ይሸጣል ብሎኛል» ይላል። ሌላው «ለቆራሌው ስጡትና ቤቱን አጽዱ» ይላል። እንዲህ ባለ ነገር ወንድምና ወንድም ተኳርፎ ሲቀር ማየት የተለመደ ነው።

ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው ትክክል ነው? መልሱን ለማግኘት ሁለት ነገሮችን ማወቅ ያስፈልገናል። አንደኛው፣ ይህ ሳንቲም ከየት መጣ? የሚለው ታሪክ ነው። ሁለተኛው፣ መዳብ በገንዘብነቱ በሸሪዓችን ዘንድ ምን ቦታ አለው? የሚለው ነው። ሁለቱን ካወቅን የሚቀረውን እያንዳንዱ ቤተሰብ ራሱ ይፈርደዋል ኢንሻአላህ።

ከአሞሌ እስከ ቤሳ

ዛሬ ፒያሳ የምንለው ቦታ ከጣሊያን ወረራ በፊት የአራዳ ገበያ ነበር። ገበያው የሚቆመው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲሆን፣ ከአገር ቤት የመጣው ገበሬ፣ የየመን ዐረቡ፣ ህንዱ፣ አርመኑና ግሪኩ የሚገናኙበት ቦታ ነበር። ጣሊያኖች በያዙት ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍተው ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ወሰዱት። «መርካቶ»ም «ፒያሳ»ም የጣሊያንኛ ቃላት ናቸው፤ ሰፈሩን ከነስሙ ቀየሩት። በአራዳ ከነበሩት ታላላቅ የንግድ ቤቶች አንዱ የሆነውን የህንዱን ሙስሊም ነጋዴ የመሐመድ አሊን ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1937 ከአገር አስወጡት።

በዚያ ገበያ በምን ይገበያዩ ነበር? ትልቁ ገንዘብ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ነበር። ይህ በኦስትሪያዋ ንግሥት በማሪያ ትሬዛ ስም የተመታ የብር ገንዘብ ሲሆን፣ በቀይ ባሕር በኩል ከነጋዴዎች ጋር ወደ አገራችን ገባ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ለትንሽ ግዢ ግን ጠገራ ብር አይመችም። አንዲት እናት የአንድ ቀን ሽንኩርትና ጨው ለመግዛት 28 ግራም ብር ልትከፍል አትችልም። ስለዚህ የአሞሌ ጨው እንደ ዝርዝር ያገለግል ነበር፤ የጠመንጃ ጥይት እንኳ እንደ ገንዘብ ይሠራበት ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸው ገንዘብ እንዲወጣ አዋጅ አወጡ። የመጀመሪያዎቹ ገንዘቦች 1887 የሚል ዓመተ ምሕረት ይዘው በፓሪስ ተመቱ። ብር፣ አላድ (ግማሽ ብር)፣ ሩብ፣ ተሙንና ግርሽ ከብር ማዕድን ሲሠሩ፣ ከሁሉ የሚያንሰው ቤሳ ከመዳብ ተሠራ። ከከተማ ውጭ ያለው ሕዝብ ግን ለረጅም ጊዜ ማርትሬዛንና አሞሌን አልተወም። ለምን? ብንል፣ በአዲሱ ገንዘብ ላይ ገና እምነት ስላልነበረው ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1923 ዓ.ም. ባንኩ በኢትዮጵያ ባንክ ሲተካ፣ በዚያው ዓመት የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሥዕል ያለባቸው አዳዲስ ሳንቲሞች ወጡ። ብሩ በመቶ ተከፈለ፤ ክፍሉም መቶኛ ተባለ። ባለ 1 እና ባለ 5 መቶኛው ከመዳብ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ከኒኬል ነበሩ። ከዚያ የጣሊያን ሊሬ መጣ፣ ከነጻነት በኋላ የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ መጣ። በመጨረሻም በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር በአዋጅ ተመልሶ ቆመ። አብዛኞቻችን በቤታችን የምናገኛቸው የመዳብ ሳንቲሞች የዚህ የመጨረሻው ዘመን ናቸው።

ቃላቱ ምን ይመሰክራሉ?

ውድ አንባቢያን፣ ብዙ ጊዜ «ሙስሊሙ በዚህች ከተማ ታሪክ ውስጥ ምን ድርሻ አለው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንዱ መልስ በየቀኑ በአንደበታችን ላይ አለ። ሩብ የዐረብኛው «ሩብዕ» ነው፤ አራተኛ ማለት ነው። ተሙን የዐረብኛው «ሡምን» ነው፤ ስምንተኛ ማለት ነው። አባቶቻችን 25 ሳንቲምን «ስሙኒ» የሚሉት ከዚሁ ሥር ነው። ግርሽ የዐረቦች «ቂርሽ» ሲሆን፣ ቤሳ ከህንዶቹ «ፓይሳ» በባሕር ንግድ በኩል የመጣ ነው። ሽልንግ ከእንግሊዝ፣ ሳንቲም ከፈረንሳይ መጡ። የአራዳ ገበያ ቋንቋ የሙስሊም ነጋዴዎችን የድካም አሻራ ይዞ እስከ ዛሬ ቆይቷል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ በአገራችን ምድር ሙስሊሞች የራሳቸውን ገንዘብ መትተዋል። የሐረር አሚሮች «መሐለቅ» የሚባል ትንሽ ገንዘብ ነበራቸው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 እ.ኤ.አ. ሐረር ሲገባ ይህንን ገንዘብ አይቶ ጽፎለታል። በአንደኛው ገጽ በሐረር የተመታ መሆኑን የሚገልጽ የዐረብኛ ጽሑፍ፣ በሌላው ገጽ 1248 የሚል የሒጅራ ዓመት እንደነበረበት ይናገራል። ዛሬ በአማርኛ ሳንቲምን በጥቅሉ «መሐለቅ» ስንል የምንጠራው በዚያው ስም ነው።

ወደ ኋላ ራቅ ብለን ስንሄድ ደግሞ አክሱምን እናገኛለን። አክሱም በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ የመታች አገር ነበረች። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሐቦች በነብይነት አምስተኛ ዓመት፣ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የአክሱም ገንዘብ ገና በሥራ ላይ ነበር። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች ገንዘቡ የተገኘውን ንጉሥ አርማሕን ከነጃሺ (ረ.ዐ) ጋር ያገናኙታል፤ የማይቀበሉትም አሉ። የሚገርመው ግን በአራተኛው መቶ ዘመን በነበሩ የአክሱም የመዳብ ሳንቲሞች ላይ የሚገኝ ጽሑፍ ነው። በግሪክኛ ሲሆን፣ መልእክቱም ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ እንደማለት ነው። በወርቁ ላይ ሳይሆን በመዳቡ ላይ መጻፉ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም ወርቁ የነገሥታትና የሩቅ ነጋዴዎች ገንዘብ ሲሆን፣ መዳቡ ግን ድሃው በእጁ የሚይዘው ነው።

መዳብ በሸሪዓ ዓይን

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሂድ። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሙስሊሞች የሚገበያዩት በሮም የወርቅ ዲናርና በፋርስ የብር ድርሃም ነበር። በእነዚህ ገንዘቦች ላይ የነገሥታት ምስል ነበረባቸው፤ ይሁንና ለችግር ሲባል ይሠራባቸው ነበር። የኡመያው ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ ቢን መርዋን በ77ኛው ዓመተ ሒጅራ ምስል የሌለበት፣ የአላህን አንድነት የሚገልጽ ጽሑፍ ያለበት የወርቅ ዲናር እስኪያስመታ ድረስ ይህ ቀጥሏል። በመሆኑም «የንጉሥ ሥዕል ያለበትን ሳንቲም በቤቴ ባስቀምጥ ሐራም ይሆናል?» ብላችሁ የምትጠይቁ፣ ለክብር ብሎ ግድግዳ ላይ መስቀል ሌላ፣ በፖስታ ከቶ በሳጥን ማኖር ሌላ መሆኑን ልብ በሉ።

ከዲናርና ከድርሃም በታች «ፉሉስ» የሚባል የመዳብ ገንዘብ ነበረ። ነጠላው «ፈልስ» ይባላል። ፉቀሃዎች በዚህ ፉሉስ ላይ ብዙ ተወያይተዋል። ወርቅና ብር በተፈጥሯቸው ዋጋ ናቸው፤ ገበያ ላይ ባይውሉም ዋጋቸው አብሯቸው ነው። ፉሉስ ግን ገንዘብ የሚሆነው ሰዎች ገንዘብ ነው ብለው ሲቀበሉት ብቻ ነው። መቀበላቸውን የተዉ ዕለት ተራ መዳብ ይሆናል። ኢማሙ ማሊክ ሰዎች ቆዳን እንኳ ገንዘብ አድርገው ቢገበያዩበት፣ ያንን ቆዳ በወርቅና በብር በዱቤ መሸጥን እንደሚጠሉ ተናግረዋል። ምክንያቱም የገንዘብን ቦታ የያዘ ነገር የገንዘብን ሕግ ይይዛልና ነው። ኢማሙ አቡ ሐኒፋና ሁለቱ ደረሶቻቸው ደግሞ፣ ሰው በፉሉስ ዕቃ ገዝቶ ሳይከፍል ፉሉሱ ከገበያ ቢወጣ ምን ይደረጋል? በሚለው ላይ ተለያይተዋል። አንዱ ሽያጩ ይፈርሳል ሲሉ፣ ሌሎቹ የፉሉሱ ዋጋ ይከፈላል ብለዋል። ከአሥራ ሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ ዑለማዎች የመዳብ ገንዘብ አንድ ቀን ሊሞት እንደሚችል አስቀድመው አስበውበታል ማለት ነው።

ይህን ነገር በዓይኑ ያየ አንድ ታላቅ የታሪክ ሰው እናንሣ። አል መቅሪዚ ይባላል፤ የካይሮ ሰው ሲሆን በ845 ዓመተ ሒጅራ (1442 እ.ኤ.አ.) አረፈ። እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ውለታ አለብን፤ ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት፣ ስለ ኢፋት ሱልጣኖች የጻፈልን እርሱ ነው። አል መቅሪዚ በካይሮ የገበያ ተቆጣጣሪ (ሙሕተሲብ) ሆኖ ሠርቷል። በ808 ዓመተ ሒጅራ በጻፈው መጽሐፉ በግብፅ የደረሰውን ረሃብና የኑሮ ውድነት ሲመረምር ሦስት ምክንያቶችን ያነሣል፦ ሹመት በጉቦ መሆኑን፣ የመሬት ኪራይ መናሩንና የመዳብ ፉሉስ መብዛቱን። ገዢዎቹ ርካሹን መዳብ አብዝተው ሲያስመቱ፣ ብሩ ድርሃም ከገበያ ጠፋ፤ ዕቃ ተወደደ፤ በመዳብ የሚከፈለው ሠራተኛ ደግሞ ቤቱን ማስተዳደር አቃተው። እንግዲህ ከረጢት ሙሉ መዳብ ሀብት መሆን እንደማይችል የካይሮ ድሆች ያውቁታል።

በእጃችን ያለው ሳንቲም ምን ያወጣል?

አሁን የተቋጠረውን ጨርቅ እንፍታ። በብዙ ቤት የሚገኘው የመዳብ ሳንቲም በአንድ ገጹ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል፣ በሌላው አንበሳ ያለበት፣ 1936 የሚል ዓመት የተጻፈበት ባለ 1፣ ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሳንቲም ነው። ብዙ ሰው «1936! ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ብርቅ ነው» ይላል። እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ። ይህ ሳንቲም በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ከ1936 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 1967 ዓ.ም. ገደማ ድረስ ሲመታ፣ የተጻፈበት ዓመት አልተቀየረም። በእጃችሁ ያለው 1936 የሚለው ሳንቲም በ1960 ዓ.ም. የተመታ ሊሆን ይችላል። ብዛቱም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። ብርቅ የሚባል አይደለም።

ይህ የዓመት ነገር በማርትሬዛም አለ። ጠገራ ብር ሁሉ 1780 እ.ኤ.አ. የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ያንኑ ዓመት ይዞ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲመታ ኖሯል። ሙሶሊኒ እንኳ በ1935 እ.ኤ.አ. ለወረራው ዝግጅት በሮም አስመትቶታል። ስለዚህ «1780 ይላልና ጥንታዊ ነው» የሚላችሁ ሻጭ ወይ አያውቅም፣ ወይ እያታለለ ነው።

እሺ፣ ብርቅ ባይሆንስ መዳቡ ራሱ ዋጋ የለውም? ብለን እናስላ። አንዱ ሳንቲም ሰባት ግራም ይመዝናል ብንል እንኳ፣ አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ140 በላይ ሳንቲም ያስፈልጋል። በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ገበያ የመዳብ ዋጋ ለአንድ ቶን በአማካይ 9 ሺህ ዶላር ግድም ነበር። አንድ ኪሎ 9 ዶላር ማለት ነው። ያውም ለንጹሕ መዳብ፣ ያውም በጅምላ። ቆራሌው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚከፍለው። ሠላሳና አርባ ሳንቲም ያለው ቤተሰብ የሚያገኘው ለአንድ ቀን አስቤዛ እንኳ አይበቃም።

በአሜሪካ ያሉ ወንድሞቻችንም ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሣሉ። እዚያ ከ1982 እ.ኤ.አ. በፊት የተመታው አንድ ሳንቲም 95 በመቶው መዳብ ነበር፤ የመዳቡ ዋጋ ከተጻፈበት ዋጋ በልጧል። በመሆኑም በማሰሮ የሚያጠራቅሙ ሰዎች በዙ። መንግሥታቸው ግን ከ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ማቅለጡን ከለከለ፤ በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳንቲሙን ለገበያ መምታቱን ራሱን አቆመ። ያጠራቀሙት ሰዎች በእጃቸው ያለው ከባድ ማሰሮ ነው። በዚያ ገንዘብ ነግደውበት ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ወላጆቻቸውን ረድተውበት ቢሆን ኖሮ የተሻለ ነበር።

ስለ ማታለል ካነሣን አንድ የአገራችንን ታሪክ ላስታውሳችሁ። ባለ 25 ሳንቲሙ (ስሙኒ) መጀመሪያ ሲወጣ ክብ የመዳብ ሳንቲም ነበር። ባለ 50 ሳንቲሙ (ሽልንግ) ደግሞ ከብር የተሠራ ነው። ሁለቱ በመልክ ስለሚቀራረቡ አጭበርባሪዎች ስሙኒውን ብር እየቀቡ እንደ ሽልንግ ያሳልፉት ጀመር። በአንድ ሳንቲም ላይ እጥፍ ማትረፍ ማለት ነው! የሚጎዳው ማን ነው? በማታ ብርሃን ጉልት የምትሸጥ እናት ናት። በመጨረሻ መንግሥት የስሙኒውን ጠርዝ እንደ አበባ ቅጠል ሞገዳም አድርጎ ቀየረው። ዓይነ ስውር እንኳ በጣቱ ዳስሶ እንዲለየው ሆነ። ስለዚህ በቤታችሁ ጠርዙ ሞገዳም የሆነ ስሙኒ ካለ፣ የአንድ ማጭበርበርና የመድኃኒቱ ምስክር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እህል ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥበቱን ባገኙ ጊዜ፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ማስጠንቀቃቸው ይታወቃል። ዛሬም ተራውን ሳንቲም «ሚሊዮን ያወጣል» እያለ የሚሸጥ ወንድም ይህን ያስብ።

ብሩን ከመዳቡ ለዩ

ውድ እናቶችና አባቶች፣ ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ይህንን ነው። በአንድ ጨርቅ የተቋጠረውን ሁሉ «አሮጌ ሳንቲም» ብላችሁ አትጥሩት። መዳቡን ለብቻ፣ ብሩን ለብቻ አድርጉ። ሕጋቸው የተለያየ ነውና።

የመዳብ ሳንቲም በ1969 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት አዲስ ብርና ሳንቲም አውጥቶ የንጉሡ ገንዘብ ከገበያ ሲወጣ ገንዘብነቱ አብቅቷል። ዛሬ ተራ ዕቃ ነው። ለንግድ የተያዘ ካልሆነ በስተቀር ዘካ የለበትም። ሻጭና ገዢ ሳይታለሉ በተስማሙበት ዋጋ መሸጥም ይፈቀዳል።

ብር ግን ሳጥን ውስጥ ቢኖርም፣ ገበያ ላይ ባይውልም ብር ነው። የብር ኒሷብ 200 ድርሃም ሲሆን፣ ብዙ የዘመናችን ዑለማዎች 595 ግራም አድርገው ያሰሉታል። በአንድ ጠገራ ብር ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። ስለዚህ 26 ጠገራ ብር ያለው ሰው ኒሷብ ሞልቷል። ለምሳሌ 30 ጠገራ ብር ብናስብ፣ 702 ግራም ንጹሕ ብር ይሆናል፤ ዓመት ሲዞርበት 2.5 በመቶ፣ ማለትም 17.5 ግራም ያህል ብር ወይም ዋጋው ዘካ ይወጣበታል። ከ26 ቢያንስም በባንክና በእጅ ካለ ገንዘብ ጋር ተደምሮ ሊሞላ ይችላል። በአንገት ሐብል ላይ ተሰክቶ ለጌጥ በሚለበሰው ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ሐነፊዮች ዘካ አለበት ሲሉ፣ ሻፊዒዮች በተለመደ መጠን ለሚለበስ ጌጥ የለበትም ይላሉ። በጨርቅ ተቋጥሮ የተቀመጠ ጠገራ ግን ጌጥ አይደለም። ሳያውቅ የቆየ ሰው ስላለፉት ዓመታት በአካባቢው ያሉ ዑለማዎችን ይጠይቅ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አት-ተውባ ቁጥር 34 እና 35 ወርቅንና ብርን አከማችተው በእርሱ መንገድ የማይለግሱትን በብርቱ ቅጣት አስጠንቅቋል። ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) እንዳብራሩት፣ ዘካው የወጣለት ገንዘብ የተወገዘው ክምችት ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ችግሩ ማስቀመጡ ሳይሆን ሐቁን መከልከሉ ነው።

ሁለተኛው ሐቅ የውርስ ነው። አባት ሲሞት የተወው ጠገራ ብር ሳጥኑን መጀመሪያ ላገኘ ልጅ አይደለም። ዕዳው ተከፍሎ፣ ኑዛዜው ተፈጽሞ፣ ለሚስቲቱም፣ ለሴቶች ልጆችም፣ ለወንዶች ልጆችም አላህ በደነገገው መሠረት ይከፋፈላል። «አሮጌ ነገር ነው» እያሉ የእህትን ድርሻ መዋጥ ቀላል ነገር አይደለም። መሸጥ ከፈለጋችሁ ወራሾች ባሉበት ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ከአንድ በላይ ጋ አስመዝኑ፤ የዕለቱን የብር ዋጋ ጠይቁ። ብር በገንዘብ ሲሸጥ ደግሞ ርክክቡ እዚያው እጅ በእጅ ይሁን፤ የነገ ቀጠሮ አይግባበት።

ታዲያ እናስቀምጠው ወይስ አናስቀምጠው?

እስካሁን ካየነው፣ የመዳብ ሳንቲም እንደ ሀብት ሊከማች አይገባም። ለልጄ ጥሪት ይሆነዋል ብላችሁ የምታጠራቅሙ ከሆነ፣ ልጃችሁን በማስተማር ጥሪት ስጡት። ነገር ግን «ለቆራሌው ስጡት» የሚለውም ሐሳብ ትክክል አይደለም። ከያንዳንዱ ዓይነት አንድ ወይም ሁለት ማስቀመጥ ጥቅም አለው፤ ጥቅሙም የምስክርነት ነው። አራዳ ሲለዋወጥ ስሙ ተቀይሯል፣ ገበያው ተነሥቷል፣ ቤቶቹ ፈርሰዋል። በኪስ የሚያዝ ቤሳ ግን ከዚያ ዘመን ወዲህ የተሻገረ ዕቃ ነው። ልጅ «አያቴ በዚህ ነበር ሲነግድ የኖረው» ብሎ ሲይዘው፣ ታሪኩን ከሰው ወሬ ሳይሆን ከእጁ ይማራል።

ምስክር ግን ቃል ከሌለው ምስክር አይሆንም። ስለዚህ ሳንቲሙን በደረቅ ወረቀት ፖስታ ከትታችሁ በላዩ ጻፉበት፦ የማን ነበር? በየትኛው ሰፈር ኖረ? ምን ይነግድ ነበር? ለጁምዓ የሚሰግደው የት ነበር? በኑር (በኒ) መስጊድ ነው ወይስ በአንዋር? ይህች አንዲት መስመር ከሳንቲሙ የበለጠች ናት። ደግሞም እንደ ድስት በአመድና በሎሚ አትፈትጉት፤ የተፈተገ ሳንቲም ጽሑፉ ይጠፋል፣ አዋቂዎችም ዋጋ አይሰጡትም። ሐረር ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘውን የሸሪፍ ሙዚየም ያየ ሰው ይህን ይረዳል። አንድ ሰው ከየቤቱ ሊጠፋ የነበረውን መጽሐፍ፣ ጌጥና ሳንቲም ሰብስቦ ለትውልድ ሙዚየም አደረገው። በየቤታችን ተበትኖ የሚጠፋው ተሰብስቦ ቢጻፍበት የአንድን ሕዝብ ታሪክ ይናገራል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የአክሱም ወይም ሌላ ጥንታዊ ገንዘብ የግል ሳንቲም አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በድንገት የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት፤ ያለፈቃድም ከአገር አይወጣም። ለውጭ አገር ሰው ደብቆ መሸጥ የጋራ አደራን መብላት ነው።

በመጨረሻ አንድ ቃል ላካፍላችሁ። በዐረብኛ ገንዘቡ ያለቀበት ሰው «ሙፍሊስ» ይባላል። የቋንቋ ዑለማዎች ቃሉን ከ«ፈልስ»፣ ከመዳቡ ሳንቲም ያወጡታል፤ ድርሃሙ አልቆ ፉሉስ ብቻ የቀረው ሰው እንደማለት ነው። በእኛም አገር «ቤሳ ቤስቲን የለውም» ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሐቦቻቸውን ሙፍሊስ ማን እንደሆነ ጠየቋቸው። እነርሱም ገንዘብና ዕቃ የሌለው ነው ብለው መለሱ። እርሳቸው ግን በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው፣ እውነተኛው ሙፍሊስ በቂያማ ቀን ሰላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ የሚመጣ፣ ነገር ግን ይህንን የሰደበ፣ የዚያን ገንዘብ የበላ ሰው መሆኑን አስረዱ። መልካም ሥራው ለተበዳዮቹ ይከፋፈላል፤ ሲያልቅበት የእነርሱ ኃጢአት በእርሱ ላይ ይጫናል።

እንግዲህ ያ የተቋጠረ ጨርቅ ሲፈታ ከእህትና ከወንድም ጋር የሚያጣላን ከሆነ፣ ወይም በእርሱ ሰውን የምናታልልበት ከሆነ፣ ቤሳ ፈልገን ሙፍሊስ ሆንን ማለት ነው። ሐቁ ወጥቶለት፣ ታሪኩ ተጽፎበት ለልጅ ከተላለፈ ግን ትንሿ መዳብ ታላቅ አደራ ትሆናለች። አላህ (ሱ.ወ) ሐላሉን የሚበቃን፣ አደራን የምንጠብቅ ያድርገን።

ወላሁ አዕለም።